ከቃል በስተኋላ ስለሚቆም ሥዕል

ሰው ሐሳቡን ለወንድሙ የሚያካፍልበት መንገድ እንደየዘመኑ ይለወጣል። ቀድሞ በደብዳቤና በጋዜጣ፥ ከዚያም በራዲዮ ይነገር የነበረው ምክር ዛሬ በእጅ ስልክ ላይ፥ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ በማይበልጥ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ይነገራል። እኔ ዕድሜዬን በማስተማር ሥራ አሳልፌ ጡረታ የወጣሁ ሰው ብሆንም ይህን አዲስ መንገድ በጅምላ ከሚነቅፉት ወገን አይደለሁም፤ እንዲያውም ገብቼበታለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ነቀፋ ከአጥር ውጭ የቆመ ሰው ነቀፋ እንዳይመስል አንባቢን አስቀድሜ እለምናለሁ። ከጥፋቱ የእኔም ድርሻ አለበት፤ እርሱንም በቦታው እናገራለሁ።

ልናገርበት ያሰብሁት ነገር ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ይኸውም አንድ ሰው በአጭር ቪዲዮ ሲናገር ከድምፁ በስተኋላ እንዲታይ የሚደረገው፥ እንዲያው እግረ መንገድ የተነሣ ሥዕል ነው። ስለ ትዳር ይነገራል፤ የሚታየው ግን ቡና ከጀበና ወደ ሲኒ ሲቀዳ ነው። ስለ ገንዘብ ቁጠባ ይነገራል፤ የሚታየው በታክሲ መስኮት የሚያልፍ መንገድ ነው። ስለ ሐዘን ይነገራል፤ የሚታየው ዝናብ በቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲወርድ ነው። ባለሙያዎች ይህን ዓይነት ሥዕል «ቢ ሮል» ይሉታል፤ ሁለተኛው ጥቅል እንደ ማለት ነው። ስሙ የተረፈው ፊልም በጥቅል ከነበረበት ዘመን ነው። ለዜና በሚሠራ ፊልም የተናጋሪው ንግግር በአንደኛው ጥቅል፥ የቦታውና የሥራው ሥዕል በሁለተኛው ጥቅል ይያዝ ነበር፤ ሁለተኛው የአንደኛውን መቆራረጥ ይሸፍናል፥ ተመልካቹንም ወደ ነገሩ ቦታ ይወስዳል። ስለ ድልድይ መፍረስ ከተነገረ የፈረሰው ድልድይ ይታያል። እንግዲህ መጀመሪያ ሲታሰብ ሁለተኛው ጥቅል ለአንደኛው ምስክር ነበር ማለት ነው።

ዛሬ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ቲክቶክ በ2017 እ.ኤ.አ. ከቻይና ውጭ ወጥቶ ከተስፋፋ፥ ኢንስታግራምና ዩቲዩብም በ2020 እ.ኤ.አ. «ሪልስ» እና «ሾርትስ» ብለው ተመሳሳዩን ከጀመሩ ወዲህ፥ ሥራውን እናስተምራለን የሚሉ ሰዎች ለጀማሪ የሚሰጡት ምክር አንድ ዓይነት ሆኗል። በየዕለቱ ያየኸውን ሁሉ አምስት አምስት ሴኮንድ እያደረግህ አንሣ፤ ስትራመድ እግርህን፥ ስትጽፍ እጅህን፥ በመንገድ የሚያልፈውን ሰው አንሣ፤ በስልክህ ውስጥ አጠራቅም፤ ቃሉን በኋላ ትጨምርበታለህ ይላሉ። ይህ ልብሱን ሰፍተው ከጨረሱ በኋላ ለባሹን እንደ መፈለግ ነው። ያው አምስት ሴኮንድ ዛሬ ለትዳር ምክር፥ ነገ ለቅባት ማስታወቂያ፥ ከነገ ወዲያ ለስብከት ያገለግላል።

ዳሩ ግን ፍርዴ እንዳያዳላ ጥቅሙንም ልናገር። ፊቷን ለሕዝብ ማሳየት የማትፈልግ፥ ነገር ግን የምትናገረው ቁም ነገር ያላት ሴት አለች። ቤቱ ጠባብ፥ ግድግዳው ያረጀ በመሆኑ የሚያፍር ወጣት አለ። እነዚህ ሰዎች የጀበና ወይም የዝናብ ሥዕል ከፊታቸው ጋርደው መናገር መቻላቸው ደግ ነገር ነው። ጀበናው አይከፋውም፤ ዝናቡም ስሜ ጠፋ ብሎ አይከስም። በእንዲህ ያለው ነገር ላይ የምጨቃጨቅ ሰው አይደለሁም።

የሚያሳዝነኝ ከዚህ የተለየ ሁለት ነገር ነው። አንደኛውን በአጭሩ ልለፈው። ስክሪኑ በሁለት ተከፍሎ ከላይ ሰው ይናገራል፤ ከታች ግን በ2012 እ.ኤ.አ. በዴንማርክ የተሠራው «ሰብዌይ ሰርፈርስ» የተባለ ጨዋታ ይታያል፤ አንድ ልጅ በባቡር ሐዲድ ላይ እየዘለለ ይሮጣል። አንዳንድ ጊዜም በልጁ ፈንታ ሳሙና በስለት እየተቆረጠ ይወድቃል። ተናጋሪው ስለ ሐዲድም ስለ ሳሙናም አንድ ቃል አይናገርም። ይህን የሚሠሩት ሰዎች ቢያንስ ምስጢራቸውን አልደበቁም፤ ሥዕሉ የቆመው ዓይን ለማሰር ብቻ ነው። በአንድ ቀን ማታ ስለ ኩላሊት በሽታ የሚናገር እንዲህ ያለ ቪዲዮ ካየሁ በኋላ ስልኩን ዘግቼ ምን ተማርሁ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። የሳሙናው ቀለም አረንጓዴ እንደ ነበረ በደንብ አስታወስሁ። ስለ ኩላሊቱ ግን ውኃ መጠጣት ደግ መሆኑን ብቻ ነበር የያዝሁት፤ እርሱንም ቀድሞ አውቀው ነበር። ተማሪዎቼን ፊታቸውን ወደ መስኮት አዙሬ፥ በሜዳው የሚጫወቱትን እያሳየሁ ሒሳብ ላስተምር ብል ኖሮ ዲሬክተሩ ያሰናብተኝ ነበር።

አሁን ደግሞ መልካሙን ላሳይ፤ መልካሙን ያላሳየ ነቃፊ ምን እንደሚፈልግ አይታወቅምና። በሽሮ ሜዳ የሚሠራ አንድ ሸማኔ ስለ ሙያው የተናገረውን አጭር ቪዲዮ ከወራት በፊት አይቼ ነበር። ሰውየው ፊቱን ያሳየው መጀመሪያ ላይ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚታዩት እጆቹና እግሮቹ ናቸው። ድሩ እንዴት እንደሚወጠር ሲናገር ድሩ ይወጠራል። መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ ማግ ይዞ ያልፋል ሲል መወርወሪያው ያልፋል። እግሩ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ሲረግጥ ይታያል፤ ከዚያም ጥለቱ ላይ ደርሶ፥ «እዚህ ላይ ነው ዓይን የሚጠፋው» ብሎ ዝም አለ፤ ለጥቂት ሴኮንድ ቀጭኑ ክር በጣቶቹ መካከል ሲንቀሳቀስ ብቻ ታየ። እኔ የጥለት ዋጋ ለምን እንደሚወደድ በዚያ ዝምታ ውስጥ ገባኝ። ቪዲዮው ያማረ መብራት አልነበረውም፤ በመካከልም ሰው ሲያስነጥስ ይሰማል። ሆኖም ቃሉና ሥዕሉ እንደ ድርና ማግ ተያይዘው ነበር፤ አንዱን ብትመዝ ሌላው ይፈታል።

ሁለተኛውና ዋናው ሐዘኔ ከቃሉ በስተኋላ የሚቆመው ሥዕል ሰው ሲሆን ነው። ጀበና ለማንኛውም ነገር ቢቆም ጀበና ነው። ሰው ግን እንደዚያ አይደለም፤ ሰው ከቃል ጋራ ሲቆም ቃሉን የተናገረ፥ ወይም ቃሉ የተነገረበት መስሎ ይታያል። ይህን የሚያስረዳ አንድ የታወቀ ሙከራ አለ። ከመቶ ዓመት በፊት፥ በ1920 እ.ኤ.አ. ግድም፥ ሌቭ ኩሌሾቭ የተባለ የሩስያ ፊልም ሠሪ ሞዝዡኺን የተባለውን ተዋናይ ፊት ከሦስት ልዩ ልዩ ሥዕሎች ጋራ እያፈራረቀ እንዳሳየ ይነገራል። አንደኛው ሾርባ ያለበት ሳሕን፥ ሁለተኛው በሬሳ ሣጥን የተኛች ሕፃን፥ ሦስተኛው ያማረች ሴት ነበር። ተመልካቹ ከሾርባው ቀጥሎ በተዋናዩ ፊት ላይ ረሃብን፥ ከሬሳው ቀጥሎ ሐዘንን፥ ከሴቲቱ ቀጥሎ ምኞትን አየ። የታየው ፊት ግን አንድና ያው ነበር፤ አልተራበም፥ አላዘነም፥ አልተመኘም። ስሜቱን የሰጠው ጎረቤቱ ሥዕል ነው። ተዋናዩ ደመወዙን የተቀበለ ባለሙያ ስለ ነበረ ይህ ምንም አልጎዳውም።

በአገራችንም የዚህ ነገር ኃይል በታላቅ ሁኔታ ታይቷል። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጠኛ በወሎ የደረሰውን ረሃብ አንሥቶ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፥ ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስና ከምቾት ሥዕል ጋራ እየተቀላቀለ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ስለዚያ ዘመን ፖለቲካ እዚህ ላይ ፍርድ ልሰጥ አይደለም። ረሃቡ እውነት ነበር፤ ድግሱም እውነት ነበር። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን ማንም አፉን ከፍቶ ያልተናገረው ሦስተኛ ቃል ተነገረ፤ አገርም ያን ሦስተኛ ቃል ሰማ። ያን ያደረጉት ሰዎች የሚያደርጉትን ነገር አሳምረው ያውቁ ነበር። የዛሬው ወጣት ግን ያንኑ መቀስ በኪሱ ይዞ ይዞራል፤ መቀስ መሆኑን ግን የነገረው ሰው የለም።

ለእኔም የነገረኝ አልነበረም። ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው እስኪነገረው መጠበቁ ግን ማመኻኛ አይሆንም። ነገሩ እንዲህ ነበር። የእኅቴ ልጅ ከእኔ ጋራ ይኖራል፤ ቪዲዮዎቼን የሚያነሣልኝና የሚያዘጋጅልኝ እርሱ ነው። ባለፈው ነሐሴ ወላጅን ስለ መርሳት አንድ ደቂቃ የሚሆን ንግግር አደረግሁ። በንግግሬ መካከል፥ «ልጆቿ የረሷት እናት በየደጁ አለች» የሚል ቃል ነበረበት። ቃሉ በራሱ ስሕተት አይመስለኝም። ልጁ ግን ከጨረስሁ በኋላ፥ «ጋሼ፥ አንድ ደቂቃ ሙሉ የአንተን ፊት ብቻ ማን ያያል? ከስልኬ ሥዕል ልጨምርበት» አለኝ። እኔም፥ «እንደ ወደድህ» አልሁ።

የጨመራቸው ሦስት ነበሩ። ዝናብ ነበረ፤ የተዘጋ በር ነበረ፤ ሦስተኛው ከሠፈራችን አስፋልት ዳር በቆሎ የሚጠብሱ እናት ነበሩ። ልጁ ከሥራ ሲመለስ ብርሃኑ ደስ ብሎት ያነሣቸው ናቸው። ጎንበስ ብለው ከሰሉን ያራግባሉ፤ ጢሱ ወደ ፊታቸው ሲመጣ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ፊታቸውን ያዞራሉ። አራት ሴኮንድ ብቻ ነው። እኔ «ልጆቿ የረሷት እናት» ስል እርሳቸው ፊታቸውን አዞሩ። አይቼ ምን አልሁ መሰላችሁ? «ይኼስ ልብ ይነካል» አልሁ። እኒህን ሴት ለዓመታት አውቃቸዋለሁ፤ በየክረምቱ በቆሎ እገዛቸዋለሁ። አውቃቸው እያለሁ እንኳ በስክሪኑ ላይ ሲታዩ ጎረቤቴን ሳይሆን የተረሳች እናት አየሁ። የገዛ ቃሌ የገዛ ዓይኔን አታለለው።

ቪዲዮው ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ሰው አየው። እኔም፥ መደበቅ አይገባኝም፥ ደስ አለኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሱቅ ስመለስ ሴትዮዋ ከማንደጃቸው ተነሥተው መንገድ ላይ አስቆሙኝ። ሰላምታ ካደረስን በኋላ በዝግታ እንዲህ አሉኝ።

«ጋሼ፥ እኔ ልጄ ረሳችኝ ብዬ ለማን ነገርሁ?»

ነገሩ ወዲያው አልገባኝም። «ለማንም አልነገሩም፥ እትዬ» አልሁ።

«ታዲያ እርስዎ ከማን ሰሙ?»

ከማንም አልሰማሁም ነበር። ሴት ልጃቸው ቤይሩት በሰው ቤት ትሠራለች፤ እዚያ በከፋላ ደንብ የሠራተኛዋ መኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋራ የታሰረ ስለ ሆነ እንደ ፈለጉ ወጥቶ መግባት የለም። እናቷን የምታገኘው በየእሑዱ በስልክ ነው። ገንዘብ በየወሩ ትልካለች፤ የቤታቸው ቆርቆሮ የተለወጠው በዚያ ገንዘብ ነው። በቆሎ የሚጠብሱት ልጃቸው ሳትወለድ ጀምሮ የለመዱት ሥራ በመሆኑና እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ ስለማይወዱ ነው። ይህን ሁሉ ያን ዕለት ሰማሁ። አንዲት ያገር ልጅ፥ «ይህች እናትሽ አይደለችም ወይ?» ብላ ቪዲዮውን ላከችላት። ሌሎቹም የላክሽው ገንዘብ የት ገባ፥ ምነው እናትሽን አስፋልት ላይ ጣልሻት እያሉ መከሯት። ልጅቱ እናቷ ለሰው የከሰሰቻት መሰላት። ሁለት እሑድ ሳትደውል ቀረች።

«ሥዕሉን አይተውታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«በምን አየዋለሁ? የእኔ ስልክ የሚደውል ብቻ ነው» አሉ።

የእኅቴን ልጅ አስጠርቼ በእርሱ ስልክ አሳየናቸው። እርሱ ከአፈር የገባ መስሎ ቆሟል። እርሳቸው ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ድምፄን እስከ መጨረሻው አዳመጡ። የተቆጣ ነገር ጠብቄ ነበር። የመጀመሪያ ቃላቸው ግን፥ «ነጠላዬ እንዴት አድፏል!» የሚል ሆነ። ከዚያም ወደ ልጁ ዞረው፥ «አንተ ልጅ፥ ላነሣሽ ነው ብትለኝ እኮ ሌላ ነጠላ እደርብ ነበር» አሉት። እኔ በሕይወቴ ብዙ ተግሣጽ ተቀብያለሁ፤ እንደዚህ የከበደኝ ግን ጥቂት ነው።

ቪዲዮውን በዚያው ቀን አጠፋን። ሆኖም ሰዎች ገልብጠው ወስደውት ስለ ነበረ በሌላ ሰው ገጽ፥ ከእኔ ድምፅ ተለይቶ፥ በሚያሳዝን ሙዚቃ ታጅቦ ካንድ ወር በኋላ አገኘነው። ያ ሰው እኔንም እርሳቸውንም አያውቅም። ለእርሱ «አሳዛኝ እናት» ናቸው፤ ሌላ ስም የላቸውም።

የእኅቴ ልጅ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ከእኔ ጋራም በዚህ ነገር ለብዙ ማታ ተከራክረናል። ከክርክሩ አንዳንዱን ልጻፍ። በመጀመሪያ፥ «ፊታቸው እኮ በደንብ አይታይም፤ ጎናቸው ነው የሚታየው» አለ። ይህን የሚል ሰው ሥዕሉን ለማያውቃቸው ሰው ብቻ የሚያሳይ ይመስለዋል። ልጅ እናቷን በትከሻዋ አጎነባበስ ታውቃለች፤ በማራገቢያ አያያዟ፥ በተቀመጠችበት ዱካ ታውቃለች። ፊት መሸፈን ከእንግዳ ይሰውር እንደ ሆነ ነው እንጂ ከወዳጅ አይሰውርም፤ ስም የሚጎዳው ደግሞ በወዳጅ ፊት ነው።

ቀጥሎ፥ «መንገድ የሁሉ ነው፤ በአደባባይ የተቀመጠ ሰው ይታያል» አለ። እኔም የሕግ ሰው ባልሆን መጽሐፉን አውጥቼ ተመለከትሁ። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ የታወጀው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን እንኳ ገና አልተጀመረም፥ እርሱ የመጣው በ1957 ዓ.ም. ነውና። ያ ሕግ በቁጥር 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ሥዕል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በሕዝብ ፊት እንዳይታይ፥ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። በቁጥር 28 ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል፤ ሰውየው የታወቀ ወይም ባለሥልጣን ሲሆን፥ ለፍርድና ለፖሊስ ሥራ፥ ለሳይንስና ለትምህርት ጥቅም ሲያስፈልግ፥ ወይም ሥዕሉ በአደባባይ ከተደረገ ነገር ጋራ የተያያዘ ሲሆን ነው። ልጁ በዚህች በመጨረሻይቱ ተደሰተ። እኔ ግን እንዲህ አልሁት፤ «በአደባባይ የተደረገው ነገር ምን ነበር? በቆሎ መጥበስ ነው። ስለ በቆሎ ጥብስ ተናግረን ቢሆን ኖሮ ነገሩና ሥዕሉ ተያይዘዋል ትለኝ ነበር። እኛ የተናገርነው ስለ ተረሳች እናት ነው። በዚያ መንገድ ላይ የተረሳች እናት የነበረችው በእኔ ንግግር ውስጥ ብቻ ነው።» ዳኛ በዚህ ይስማማ ይሆን? እርሱን ለዳኞች እተወዋለሁ። እኔን ያከራከረኝ ቅጣት ሳይሆን እውነት ነበር።

«እንግዲያውስ የሚያልፈውን ሁሉ ሰው እያስቆምሁ ፈቃድ ልጠይቅ?» አለኝ በመጨረሻ። ይህ ከሁሉ የከበደው ነው፤ ምክንያቱም ልጁ እውነት አለው። የገበያ ሕዝብ በሩቅ ሲታይ እያንዳንዱን መጠየቅ አይቻልም፤ የሚጎዳም ያለ አይመስለኝም፤ ማንም ሰው የመቶ ሰው ጀርባ አይቶ ይህ ሰው እንዲህ ነው አይልም። እኔ የምለው ግን ሰው አንድ ብቻውን ሲቆም፥ በላዩም የበደል ወይም የችግር፥ የበሽታ ወይም የኃጢአት ቃል ሲነገር ነው። ለዚያ ጊዜ የምንጠይቀው ጥያቄ አጭር ነው፤ ይህ ሰው ይህን ቪዲዮ ከእኔ ጋራ ተቀምጦ ቢያየው፥ «አዎን፥ ይህ እኔ ነኝ፥ ነገሩም የእኔ ነው» ይላል ወይ? ሸማኔው ይላል። በቆሎ ጠባሿ አላሉም። የሚያሳፍረው ደግሞ እርሳቸውን ለመጠየቅ የሚያስፈልገን አስፋልቱን መሻገር ብቻ መሆኑ ነው።

ሌላም የታዘብሁት አለ፤ ይህን ልጁም አልካደም። በእነዚህ ቪዲዮዎች ከቃል በስተኋላ እንዲቆሙ የሚደረጉት ሰዎች ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ናቸው። ስለ ስንፍና ሲነገር በዛፍ ጥላ ያረፈ የቀን ሠራተኛ ይታያል። ስለ ችግር ሲነገር እንጨት ተሸክማ የምትወርድ ሴት፥ ስለ ተስፋ መቁረጥ ሲነገር ጫማ የሚጠርግ ልጅ ይታያል። ስለ ጉቦ ሲነገር ግን በመኪናው ውስጥ ተቀምጦ የሚያልፍ ባለ ክራባት ሰው በአጋጣሚ ተነሥቶ አይታይም። ለምን? እርሱ ቪዲዮውን ያየዋል፤ ጠበቃም አለው። እንግዲያው እነዚህን ሥዕሎች በአጋጣሚ የተገኙ ማለት ልክ አይደለም፤ አጋጣሚው ወደ ማን እንደሚሄድ ያውቃል።

ከዚያ ወዲህ እኔ የማደርገው ይህ ነው። ስናገር ፊቴ ይታያል። ያረጀው ሹራቤም ይታያል። ልጁ እንደ ተናገረው ተመልካቹ ቀንሷል፤ ከግማሽ በታች ወርዷል። ይህን ሳልበሳጭ ተቀበልሁት ብል ውሸት ይሆናል፤ በየማታው ቁጥሩን አያለሁ።

በመስከረም አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጁ ስልኩን አውጥቶ ያጠራቀማቸውን ሥዕሎች አንድ በአንድ አሳየኝ። ጀበናውን፥ ዝናቡንና ደመናውን ለብቻ አደረግን። ሰው ያለባቸው አርባ አንድ ነበሩ። በእያንዳንዱ ላይ፥ «ይህ ማነው?» እያልሁ ጠየቅሁት። የስድስቱን ስም ያውቃል፤ ሦስቱ ጓደኞቹ ናቸው። የማያውቃቸውን አጠፋቸው፤ አንዲት ሕፃን በኩሬ ላይ ስትዘል የሚያሳየውን ለማጥፋት ግን ብዙ ዘገየ፥ በውነትም ያማረ ነበር። በቆሎ ጠባሿ የመጨረሻዋ ነበሩ። እርሳቸውን ሳንጠይቅ ማጥፋትም እንደ ማንሣቱ ያለ መስሎ ታየኝና ተያይዘን ወረድን።

«አታጥፉት» አሉ። «ለልጄ ላኩልኝ። ግን እኔ ልናገርበት።»

ነጠላ ሊለውጡ ወደ ቤታቸው ገቡ፤ ወጥተውም ማንደጃው አጠገብ ተቀመጡ። ልጁ አዲስ ሥዕል ላንሣ ቢላቸው፥ «የለም፥ ያንኑ ነው፤ ያየችው እርሱን ነው» አሉ፤ ነጠላውን ለምን እንደ ለወጡ አልጠየቅናቸውም። በስልኩ ላይ ጎንበስ ብለው ተናገሩ። የሰኔውን ገንዘብ በምን እንዳዋሉት፥ የበቆሎው ዋጋ ዘንድሮ ስንት እንደ ሆነ፥ ጎረቤታቸው እንደ ወለደች ነገሯት። ስለ መርሳት አንድ ቃል አልተናገሩም። አራቱ ሴኮንድ ለንግግራቸው ስላልበቃ ልጁ ያንኑ ሥዕል እየደጋገመ አስረዘመው፤ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ከሰሉን ሲያራግቡና ፊታቸውን ከጢሱ ሲያዞሩ ይታያል። ለአንድ ሰው ብቻ ተላከ።